ማንም ያላነበበው ጽሑፍ

ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ የማተሚያ ቤት አራሚ ነበር። የሰው ጽሑፍ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ሲቆርጥና ሲቀጥል ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ ማግሥት የራሱን መጻፍ ጀመረ። ኢንተርኔት ላይ ገጽ ከፈተ። የሚጽፈው ስለ ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው፣ ማንም ሰው ያሰበውን የመናገር መብት አለው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ እሱ ያሰበውን ማንም ሰው ሳያስፈቅድ መድገም አይችልም የሚል ነው። ሁለቱ እንዴት ተስማምተው አንድ ቤት እንደሚያድሩ ብጠይቀው፣ የሕግ ጉዳይ ስለሆነ አይገባሽም አለኝ።

በየጽሑፉ ግርጌ «ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ማባዛት በሕግ ያስጠይቃል» የሚል ማስጠንቀቂያ ያሰፍራል። እስካሁን ያባዛበት የለም። እንዲያውም ያነበበለት የለም ብል ይቀላል። ሌባ እንዳይወስድበት ብሎ ለራሱ እንኳን ቅጂ አያስቀርም፤ እዚያው ገጹ ላይ ይጽፍና እዚያው ይለጥፈዋል። እኔም አንብቤለት አላውቅም። ቁርስ ላይ ሲነግረኝ የዋለውን ደግሞ ቁጭ ብዬ ላንብብ?

የሰዉን ዝምታ ግን እሱ በሌላ ተረጎመው። እየተከታተሉኝ ነው፣ ሆን ብለው እየደበቁኝ ነው ይል ጀመር። አንድ ቀን ነገሩን ልፈትነው ብሎ የእኔን ስልክ ተቀበለኝና «ይህ ጽሑፍ አደገኛ ነው» ብሎ ገጹን ለሚያስተዳድረው ድርጅት ራሱን ከሰሰ። መልሱ ሳይውል ሳያድር መጣ፦ «ጽሑፉን መርምረን የሚያስከፋ ነገር አላገኘንበትም።» ያን ቀን ምሳ አልበላም። ሌላ ጻፈ፣ ያንንም ከሰሰ፣ መልሱ ያው ሆነ። ጥፋት የለብህም ተብሎ እንደዚያ የሚከፋው ሰው አይቼ አላውቅም።

እሱ የማያውቀው አንድ ነገር ነበር። ልጃችን የምትሠራው እነዚህ ክሶች የሚመረመሩበት ቢሮ ውስጥ ነው። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ፣ ሰው ለሰው የሚጽፈውን ስድብና ዛቻ ቀኑን ሙሉ እያነበበች፣ የሚቀረውን ታስቀራለች፣ የሚሰረዘውን ትሰርዛለች። ተመርቃ ስንት ደጅ ጠንታ ያገኘችው ሥራ ነው፤ እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምታየው። ሲቀጥሯት ለማንም እንዳትናገር አስፈርመዋታል። ለአባቷ የደንበኞች አገልግሎት ነው ብላዋለች። ለእኔ ነገረችኝ፤ እናት ከማንም አትቆጠርም።

በቋንቋችን የሚመረምሩት ጥቂት ስለሆኑ የአባቷ ክስ እየዞረ እሷው ጋ ይመጣል። አብረዋት የሚሠሩት ርእሱን አይተው ያሳልፉታል፤ እሷ ግን ታነበዋለች። የመጨረሻውን ስታነብ አንጀቷን በላው።

«እማዬ፣ አባዬ እኮ የሚፈልገው አንድ ሰው እንዲሰርዘው ነው» አለችኝ።

ሰረዘችለት። ለመሰረዝ ደግሞ ምክንያት መምረጥ ግድ ነው። ስድብ ነው ብትል ወይም ዛቻ ነው ብትል ገጹ ጨርሶ ይዘጋል። ስለዚህ ከሁሉም ቀላል የመሰላትን መረጠች፦ «ጽሑፉ የሌላ ሰው ንብረት ነው።»

የመሰረዙ ማስታወቂያ ሲደርሰው እኔ ፊቱ እስኪበራ ስጠብቅ ነበር። አነበበው፣ መነጽሩን ጠርጎ እንደገና አነበበው፣ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሌባ አሉኝ» አለ።

አደገኛ ቢሉት ከጎረቤት ጎረቤት እየዞረ ባሳየ ነበር። ሌባ ግን ሌላ ነው። የሰው ሐረግ በስህተት እንኳን የራሱ ውስጥ እንዳይገባበት ሲጠነቀቅ የኖረ ሰው ነው፤ እውነቱን ለመናገር በጣም አሳዘነኝ። ልጄም ክፍሏ ገብታ ከንፈሯን ስትነክስ አገኘኋት።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው! የማስታወቂያውን ፎቶ ገጹ ላይ ለጠፈና «ለእውነቱ መልስ ቢያጡ ስሜን አጠፉ» ብሎ ጻፈበት። የድሮ የማተሚያ ቤት ጓደኞቹ ተቀባበሉት፣ ከእነሱ የማናውቃቸው ሰዎች ተቀበሉ፣ ሬዲዮ ጠርቶ አናገረው። «የታፈነው ብዕር» የሚል ስም ወጣለት። ከናቴራ ላይ አትመው ሲሸጡት እንኳን ያስፈቀደው የለም፤ እሱም ለነፃነት ሲባል ነው ብሎ አለፈው። ጽሑፉ ጠፍቷል፣ ቅጂ የለውም። ያ ሁሉ ሕዝብ የተሟገተው ላላነበበው ነገር ነው፤ ምን ይል ነበር ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልሰማሁም። ባለቤቴም ክንፍ አውጥቶ ስለነበር ይህን ልብ አላለውም።

የእሱና የደጋፊዎቹ ጥያቄ ሁለት ሆነ፤ ይቅርታ ይጠየቅ፣ ጽሑፉን የሰረዘውም ሰው ከሥራ ይባረር። ይሄን ጊዜ እኔ ፈራሁ። ከድርጅቱ ጋር ተሟገት እንጂ ተቀጣሪውን ተወው፣ እሱም እናት ይኖረዋል አልኩት።

«እናቱ ቀድማ ብታስተምረው ጥሩ ነበር» አለኝ።

ለልጄ፣ ዛሬ ነግሬው ነገሩን እጨርሰዋለሁ ብላት እጄን ያዘችኝ። ሰው ሲሰማው እንዴት እንደሚሆን አላየሽም ወይ፣ አሁን ቢያውቅ በአንድ ቀን ይሰበራል፣ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ማን መሆኔን አያገኙም አለች። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

አገኟት። የድርጅቱ መልስ የመጣ ቀን ባለቤቴ ኬክ ገዝቶ ገባ። ልጃችንም ከወትሮው ቀድማ መጣች፤ በፌስታል የቢሮ ኩባያዋንና ወንበሯ ላይ ትተወው የነበረውን ሹራብ ይዛለች። ምነው ቀደምሽ እንኳን አላላትም። ቁጭ በይ ስሚ ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልን። ስህተት ስለተፈጸመ ይቅርታ እንጠይቃለን፣ ጥፋቱን የፈጸመው ሠራተኛ ተሰናብቷል፣ ጽሑፉ ግን ከመዝገባችን ስለጠፋ ልንመልሰው አልቻልንም ይላል።

«ጽሑፉስ ይቅር፣ ፍትሕ ተገኘ» አለና ቢላዋውን አነሳ። «የሚያናድደኝ አንድ ነገር ነው። ሳያነበው እኮ ነው የሰረዘው።»

«አንብቦታል» አለች ልጄ።

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

ሹራቧን ጉልበቷ ላይ እያጠፈች፣ ቀና ሳትል እንዲህ አለች፦ «‹ሰውን ዝም የሚያሰኘው አፉን የሚዘጋው ብቻ አይደለም፤ ጆሮውን የሚነፍገውም ነው።› የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርህ ይሄ ነው።»

ባለቤቴ መጀመሪያ እሷን አየ፣ ከዚያ ፌስታሉን፣ ከዚያ እኔን። ያ ዓረፍተ ነገር ከጸሐፊውና ከሰረዘው ሰው በቀር በምድር ላይ ማንም ዘንድ የለም። ቢላዋውን ኬኩ አጠገብ አስቀመጠው።

«ታዲያ ስለምን ሌባ አልሽኝ?»

«ሌላው ሁሉ ገጽህን ያዘጋብህ ነበር።»

አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ኬኩን ማንም አልነካውም።

በዚያው ቀን በዕድሜው አጭሩን ጽሑፍ ጻፈ። ሠራተኛው አልበደለኝም፣ የበደልኩት እኔ ነኝ፣ እባካችሁ ወደ ሥራው መልሱት የሚል ነበር። ከድርጅቱ መልስ አልመጣም። ከሕዝቡ ግን ጎረፈ። ይህችን አንድ ጽሑፉን ሰው ሁሉ እስከ መጨረሻው አነበባት። ከፊሉ አስፈራርተውት ነው አለ፣ ከፊሉ ስንት ከፈሉት አለ። ከናቴራውን የገዙት ገንዘባችን ይመለስ አሉ። ሲብስ ደግሞ ድሮም ሌባ ነው፣ ባይሆን ኖሮ መች ይለማመጥ ነበር የሚሉ ተነሱ፤ እኔንም፣ እሱን የወለደችውን እናቱንም ሳይቀር እያነሱ ሰደቡ።

ሶፋው ላይ ከልጃችን ጎን ተቀምጦ አንድ በአንድ አነበበው።

«እንዲህ ያለውን ነገር» አለ በመጨረሻ፣ «እያየ የሚሰርዝ ሰው የለም እንዴ?»

«ነበረች፣ አባዬ» አለችው።