ወጥቶ አልወርድ ያለው ሞተር

የጥርስ ሐኪሙ ሞተር ብስክሌቱን የገዛው ሊነዳው ሳይሆን ሊፈታው ነበር። ይህን ራሱም አይክድም። "መንዳትማ ማንም ይነዳል፤ ዋናው ሆዱን ማወቅ ነው" ይላል፣ ስለ ሞተር ሆድ የጠየቀው ሰው ያለ ይመስል።

መጀመሪያ የቤቱን ጋራዥ ያዘ። ሚስቱ ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት የምትሄድባት መኪና ደጅ ወጥታ ፀሐይና ዝናብ እንድትለምድ ተፈረደባት። ጥጉ ላይ ደግሞ አብረዋቸው የሚኖሩት አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ የልብስ ስፌት መኪናቸውን፣ የጨርቅ ጥቅሎቻቸውንና ወንበራቸውን አስቀምጠው ይሠሩ ነበር። ያም ሁሉ ተጠራርጎ ወደ ኮሪደሩ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ መታጠቢያ ቤት መሄድ የፈለገ ሁሉ በጎኑ መሄድ ግድ ሆነበት።

ዶክተሩ ግድግዳውን ነጭ ቀባ። እንደ ክሊኒኩ ዓይን የሚወጉ አምፖሎች ሰቀለ። ብረት ጨምቆ የሚይዝ ሞርሳ አስተከለ። ሰፊ ጣውላ ላይ የየመፍቻውን፣ የየፒንሳውንና የየካቻቢቴውን ቅርፅ በጥቁር ቀለም ሥሎ ዕቃዎቹን ልክ በየጥላቸው ላይ ሰቀላቸው። ቱታም ገዛ፤ ቱታውን ይተኩሰው ነበር። በዚህ ሁሉ መሃል ሞተሩ አንድም ቀን ድምፁ አልተሰማም።

"ለመሆኑ መቼ ነው የምትነካው?" አለችው ሚስቱ።

"ጎንበስ ብዬ? ሰው አፍ ላይ ጎንበስ ብዬ የምውለው አነሰና! ማንሻ ያስፈልገኛል።"

ማንሻ ማለት ሞተሩን ተሸክሞ እስከ ሰው ደረት ከፍ የሚያደርግ ጠረጴዛ ነው። ተሠርቶ ይሸጣል። ዶክተሩ ግን ተሠርቶ የሚሸጥ ነገር ገዛ መባልን እንደ ስድብ ቆጠረው። በክሊኒኩ ጓሮ ያረጀ የሕመምተኛ ወንበር ነበረው፤ አንዱን ፔዳል ሲረግጡት በዘይት ግፊት የሚነሣ፣ ሌላውን ሲረግጡት የሚወርድ። "ስንቱን ወፍራም ተሸክሟል፤ ሞተር ምን አላት?" አለና መቀመጫውን ነቅሎ ጥሎ የወንበሩን እግር ከነፔዳሎቹ ይዞ መጣ።

በእግሩ ላይ የብረት ጠረጴዛ የመበየዱ ሥራ ለሚስቱ ወንድም ተሰጠ። ይህን ሰው ሰፈሩ "ችግር የለም" ብሎ ነው የሚጠራው፤ ምንም ቢጠይቁት መልሱ ይኸው ነውና። የብረት በር ይሠራል። የሠራቸው በሮች አይሰበሩም፤ አንዳንዶቹ አይከፈቱምም።

"ዶክተር፣ አንተ አስብ፣ እኔ ልበይድ" አለ።

ክፍፍሉ ባልከፋ ነበር። ዶክተሩ ግን የሚያስበው ስለሚጠራቸው እንግዶች ነበር፤ ችግር የለም ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ይበይድ ነበር።

እንግዶቹ እሑድ ተጠሩ። በዚያው ቀን ጠዋት አማቱ ከጨርቆቻቸው መሃል ወጥተው ማንሻውን በጣታቸው ነካ አደረጉትና "ይወዛወዛል" አሉ። ዶክተሩ ተቆጣ፤ ቢሆንም ሰው ሊመጣ ሲል የሚወዛወዝ ነገር ደስ አይልም። ችግር የለምን ጠርቶ በማንሻው እግር ዙሪያ ወፍራም ብረት አስበየደበት። ከዚያ አንድ ሁለቴ በጡጫ መታው። አልተወዛወዘም። ይወርድ እንደሆነ ማንም አልሞከረም።

ዓይን ሐኪሙ፣ ቆዳ ሐኪሙና ልብ ሐኪሙ ከነሚስቶቻቸው መጡ። ዶክተሩ በተተኮሰ ቱታ ተቀበላቸው። "ከማስረዳት ማሳየት ይሻላል" አለና ሄልሜቱን አጥልቆ ጠረጴዛው ላይ በቆመው ሞተር ላይ ወጣ። "አንሣ!"

ችግር የለም ፔዳሉን ደጋግሞ ረገጠ። ዶክተሩና ሞተሩ ቀስ እያሉ፣ ሳይንቀጠቀጡ፣ ሽቅብ ወጡ። ሄልሜቱ ጣራውን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ቆሙ። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

"በቃ፣ አውርደኝ" አለ ዶክተሩ።

ችግር የለም አጎነበሰ፤ ዳበሰ፤ ደግሞ ዳበሰ። የማውረጃው ፔዳል ጠዋት የበየደው ብረት ሥር ተኝቷል። ይታያል፣ አይረገጥም።

"ችግር..." አለና በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉን ሳይጨርሰው ቀረ።

"ምን ሆነ?" አለ ልብ ሐኪሙ።

"ምንም" አለ ዶክተሩ ከላይ። "ሚዛኑን እያጠናሁ ነው።"

ጠረጴዛው ጠባብ ነው፤ እግር ማሳረፊያ እንኳ የለውም። ትንሽ ዘንበል ቢል ሞተሩ አብሮት ያጋድላል። ሚስቱ ይህን አየችና "መሰላል ላምጣ?" አለች።

"መሰላል ለምን? ማን ልውረድ አለ?"

ምሳ ቀረበ። እንግዶቹ ጋራዡ በር ላይ ተቀምጠው በሉ፤ እሱ እጁን ከመሪው ማንሣት ስላልቻለ ሽታው ብቻ ደረሰው። ዓይን ሐኪሙ "ከታች ሲታይ በጣም ያምራል" አለ። ልብ ሐኪሙ ስለ ዘይት ግፊት ጠየቀ፤ ዶክተሩም በሰፊው መለሰ። ከላይ ሆኖ የሚናገር ሰው ሁልጊዜ የሚያውቅ ይመስላል።

አማቱ ግን ወንበራቸውን ከኮሪደሩ ጎትተው አምጥተው ከሥሩ ተቀመጡ።

"ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እሰማ ነበር" አሉ አንጋጠው። "ሞተርም አለ ለካ። ይልቅ ካገኘሁህ አይቀር፣ ልጄ፣ ይህ የሠራህልኝ ጥርስ ድዴን ፈጀው።"

"እማማ፣ አሁን ነው?"

"መቼ ላግኝህ? ቤት በገባህ ቁጥር እዚህ ትቆለፋለህ። ስነግርህም 'ይለመዳል' ብለህ ታልፈኛለህ።"

"እማማ፣ እግሬ ደንዝዟል።"

"ይለመዳል" አሉ።

መጀመሪያ የቆዳ ሐኪሙን ሚስት ሳቅ አመለጣት። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ ችግር የለም እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ዶክተሩ ላብ ከሄልሜቱ ሥር እየወረደበት "እሺ፣ ነገ አስተካክለዋለሁ" አለ።

"ዛሬ።"

"ዛሬ። መሰላሉን አምጡ።"

"የስፌት መኪናዬስ?"

"ጥጉ የእርስዎ ነው።"

"ጥጉ ጨለማ ነበር። አሁን ያን የመሰለ መብራት አስገብተህ! በመስኮቱ በኩል ይሻለኛል።"

"እሺ፣ እሺ!"

ችግር የለም ሞተሩን ከጣራው ብረት ጋር በገመድ ጠፍሮ አሰረ፤ ሐኪሞቹ ግራና ቀኝ ደገፉ፤ ዶክተሩ በመሰላል ወረደ። ሄልሜቱን ያወለቀው መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ከዘጋ በኋላ ነው።

ቃሉን ግን ጠበቀ። በዚያው ከሰዓት አማቱን በደማቁ መብራት ሥር አስቀምጦ ጥርሳቸውን ሞርዶ አስተካከለው። እጁ ረጋ ያለ ነበር፤ ድዳቸውን መንካቱንም አላወቁ። ለነገሩ ጎበዝ የጥርስ ሐኪም ነው። ቤተሰቡን የሚያናድደውም ይኸው ነው።

ብረቱ ይቆረጥ ቢባል ዶክተሩ አሻፈረኝ አለ፤ ሚዛኑ ይበላሻል አለ። ሰው መላ ሲያጣለት የማንሻው ዘይት ራሱ መላ መታ። ጠብ ጠብ እያለ ሲፈስ ሰንብቶ ጠረጴዛው ቀስ በቀስ ወርዶ መሬት ተቀመጠ። ሞተሩ ግን በገመዱ ተንጠልጥሎ አየር ላይ ቀረ።

ዶክተሩ ሲያየው መጀመሪያ ደነገጠ። ከዚያ አንዴ ዞረው፤ ደግሞ ዞረው። በግራም በቀኝም፣ ከላይም ከታችም ክፍት ነው። ወዲያው ለጓደኞቹ ስልክ መታ። "መጀመሪያ ማንሣት፣ ቀጥሎ ማንጠልጠል። ከጅምሩ እንዲህ ነበር ያሰብኩት" አላቸው። ችግር የለም ይህን ሲሰማ "ገመዱን ያሰርኩት እኔ!" ብሎ አኮረፈ፤ ሁለቱ እስካሁን በደንብ አይነጋገሩም።

ዓይን ሐኪሙ መጥቶ አየ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ብዙ ካሰበ በኋላ "ለእኔም እንዲህ ያለ ይሠራልኝ" አለ። "ችግሩ፣ ሞተር የለኝም።"

"እሱ ቀላል ነው" አለ ዶክተሩ። "በኋላ ይገዛል።"