በጣራና በመጋረጃ

እኔ ከተማዋን የማውቃት ከላይ ወደ ታች ነው። ክሬን ነጂ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጎህ ሲቀድ እየወጣሁ፣ ከአሥራ ሰባተኛ ፎቅ በላይ በተንጠለጠለች የመስታወት ሳጥን ውስጥ ቁጭ ብዬ ብረትና ሲሚንቶ ሳነሳና ሳወርድ ኖሬያለሁ። የማን ጣራ ዝገት እንደበላው፣ የትኛው የውሃ ታንከር ክዳን እንደሌለው፣ ማን አሮጌ ፍራሹን ጣራ ላይ እንደደበቀ ጠይቁኝ። ታች ግን የማውቀው ከተከራየሁባት ክፍል እስከ ሳይቱ ያለውን መንገድ ብቻ ነበር። እሱንም ቢሆን እግሬ ነው የሚያውቀው።

በእነዚያ ሁለት ዓመታት ባለቤቴ የተወለድንባት ትንሽ ከተማ ቀርታ ከታላቅ እህቷ ጋር ልብስ ትሰፋ ነበር። ትዳራችን በስልክ ነበር ማለት ይቻላል። ከሦስት ሳምንት በፊት አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት አገኘሁና መጣች። ቤቱ አዲስ ነው፤ የቀለም ሽታው ገና አልለቀቀም። አንድ ዐመል ብቻ አለው፤ የመታጠቢያ ቤቱ በር ሲዘጋ የማድቤቱ በር በራሱ ጊዜ ይከፈታል።

"ንፋስ ነው" አልኳት።

"ንፋስ መሆኑንማ ማን አጣው። በየት ገብቶ ነው?" አለችና በየበሩ ስንጥቅ ክር እያንጠለጠለች ስታይ ዋለች። እንዲህ ናት። ነገር ካላየች አታምንም፤ ካየች ደግሞ አትለቅም።

በመጣች በአራተኛው ቀን ሳሙና ልትገዛ ወጥታ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠፋች። ከሥራ ስገባ አንድ የማላውቀው የትምህርት ቤት ዘበኛ ከነሳሙናዋ በራችን ላይ አስረከበኝ። ፈርመህ ተቀበል ማለት ብቻ ነው የቀረው። ከዚያ ወዲህ ብቻዋን ከግቢ ወጥታ አታውቅም።

እንዲህ ሆና ሳለ ሥራ አገኘች። ከእኛ ሰፈር ማዶ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ትልቅ ስፌት ቤት አለ። እኔ ፈቃድ ጠይቄ በታክሲ ወሰድኳት፤ ፈተኗት፤ እጇን ወደዱት። ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ትጀምር ተባለ። ኃላፊዋ ቀጭን ሴት ናት፤ "በመጀመሪያው ቀን ያረፈደች ወንበሯ ላይ ሌላ ተቀምጣ ታገኛለች" ብላ በፈገግታ ነገረቻት። አውቶቡሱ ከተማውን ዞሮ ነው የሚያደርሰው፤ ሁለት ቦታ ላይ መለወጥም አለው። በእግር ቅርብ ነው፤ ግን እኔ በዚያ ሰዓት ክሬኑ ላይ ነኝ።

እህቷ ደግሞ በየቀኑ ትደውላለች። የስፌት መኪናዋን ማንም እንዳልነካባት፣ እስከ ሰኞ እንደምታቆይላት ትነግራታለች። ሐሙስ ዕለት ባለቤቴ ስልኩን ዘግታ ፊት ለፊቴ ቁጭ አለች።

"ሰኞ ብቻዬን ከደረስኩ ደረስኩ። ካልደረስኩ ወደ እህቴ እመለሳለሁ። በመስኮት አንተን ስጠብቅ ልኖር አልመጣሁም።"

"እንደገና በስልክ ልንኖር?"

"የጠፋሁት እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም" አለችኝ።

የስልኬን ካርታ ከፈትኩ። ሰፈራችን አዲስ ስለሆነ ካርታው ላይ የለም፤ ባዶ ሜዳ ነው የሚያሳየው። "በዚህ ስሌት ሜዳ ላይ ነው የምናድረው" አለች። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔው ራሴ መንገዱን ላሳያት ተነሳሁ።

"እጅግ ቀላል ነው" አልኳት ደረጃውን እየወረድን። "አረንጓዴው ጣራ ጋ ወደ ግራ እንታጠፋለን፤ ከዚያ ሁለት ታንከር ጎን ለጎን ያለበትን ሕንፃ አልፈን ፍራሹ ጋ ወደ ቀኝ ነው።"

ሩብ ሰዓት ያህል ከሄድን በኋላ ቆመች። "አረንጓዴው ጣራ የታለ?"

ቀና አልኩ። ግድግዳ አለ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ፤ የቆርቆሮ ጠርዝ አለ። ጣራ የሚባል ነገር የለም። ለካ ከታች ሲታይ ጣራ ሁሉ ጠርዝ ብቻ ነው። በእግሬ ጣት ተንጠራርቼም ሞከርኩ።

"ጋሼ ንስር፣ መሰላል ይምጣልዎት?" አለችኝ።

መጥፋታችንን ሳላምን ወደ ፊት መራኋት። የበር እጀታ ብቻ የሚሸጥ ሱቅ አለፍን፤ እያንዳንዱን እጀታ እየጨበጠች ሞከረች። በአንድ መስኮት ውስጥ ሰው መለከት ይለማመዳል፤ አራት ድምፅ ነፍቶ አምስተኛው ላይ ይሳሳታል፤ እስኪያገኘው ካልጠበቅን ብላ ገተረችኝ። አላገኘውም። በመጨረሻ መንገዱ አንድ ረጅም ግንብ ላይ ሄዶ ተላተመ።

"በቃ እንመለስ። መመለሻውን እኔ ይዣለሁ" አለች። "ስንመጣ ምልክት አድርጌያለሁ። ቢጫ አበባ ያለው መጋረጃ፣ ቀጥሎ ጫፉ በእጅ የተዘመዘመ ነጭ መጋረጃ፣ ከዚያ በረንዳ ላይ የተሰጣው ቀይ ብርድ ልብስ ጋ ወደ ቀኝ።"

ቢጫውን አገኘነው። ነጩንም አገኘነው። ቀዩን ብርድ ልብስ ግን ፈልገን ፈልገን አጣነው።

"ደርቆ ገብቷላ" አልኳት።

ሳቋ መጣ፤ እኔም ሳቅኩ፤ ግድግዳ ተደግፈን እስኪያመን ሳቅን። አንድ ጃንጥላ ጠጋኝ በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔ ሰው መጠየቅ አልወድም፤ እሷ ግን ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። መንገዱን ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ የጃንጥላ ሽቦ ለምን ሁልጊዜ ከሦስተኛው እንደሚሰበር ጭምር ጠየቀችው። ሰውየው የሚጠይቀው ሰው ናፍቆት ኖሯል መሰለኝ፣ ሁለቱንም መለሰላት። ቤት ስንደርስ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ተንከራትተን ነበር፤ ስፌት ቤቱንም አላየነውም። ሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀመጠችና ጫማዋን አወለቀች።

"ሰኞ አይሆንም" አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለጫማዋ።

እሑድ ጠዋት የሕንፃችን ጣራ ላይ ላወጣት ወሰንኩ። ሌላ የማውቀው ዘዴ የለኝም። ቁልፉ የግቢው ጥበቃ ጋ ነው።

"ልብስ ልታሰጡ ነው?" አሉን።

"አይ አባባ፣ ከተማውን ልናይ ነው።"

"ከተማው የት ይሄድባችኋል፣ እዚያው ነው" አሉና ቁልፉን ሰጡን።

ላይ ስንወጣ ደረቴ ተነፋ። ይህ የኔ አገር ነው። "ያውልሽ አረንጓዴው፣ ያውልሽ ታንከሮቹ፣ ያ ረጅም ግራጫ ጣራ ደግሞ ስፌት ቤትሽ ነው" አልኳት። እሷ ግን ጣቴን አልተከተለችም። ዓይኗን አጥብባ፣ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ እንደምታየው፣ ታች ታቹን ታያለች።

"ይሄ የእኛው ሰፈር አንድ ቁራጭ ነው። ያ አሮጌው ደግሞ ሌላ ቁራጭ" አለች። "የተገጣጠሙት የቱ ጋ ነው? ስፌቱ የታለ?"

"አይገጣጠሙም። በመሃል ቦይ አለ፤ ዞሮ ነው የሚኬደው። ሁለት ዓመት አይቼዋለሁ።"

"እነዚያ ሰዎችስ?"

አየሁ። በሁለት ሕንፃዎች መሃል ጥቁር መስመር አለ። ሰማያዊ ባልዲ የያዘች ሴት ወደ እሱ ሄደችና ጠፋች። ባለቤቴ በሹክሹክታ መቁጠር ጀመረች። አርባ ሁለት ስትል ባልዲው በቦይው ማዶ ወጣ። ቀጥለው ሁለት ሽማግሌዎች፣ ቀጥሎ ብስክሌት የሚገፋ ሰው ገቡና በዚያ ማዶ ወጡ።

"ጥላ ይመስለኝ ነበር" አልኩ።

"ጥላ ሰው አይውጥም" አለች።

አሁኑኑ ወርደን እንሞክረው አልኳት፤ እምቢ አለች። "ዛሬ አብረኸኝ ከሄድክ ነገም አንተን ነው የምፈልገው።"

ሰኞ ወደ ሥራ ስወጣ ተኝታለች፤ ወይም የተኛች መስላለች። ሳይቱ ላይ ስልካችንን ታች ሳጥን ውስጥ ቆልፈን ነው የምንወጣው። ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ዓይኔ ከዚያ ጥቁር መስመር አልነቀል አለ። ከዚያ ርቀት ሰው ሁሉ የሩዝ ፍሬ ያክላል። አንዱ ፍሬ ወደ መስመሩ ቀርቦ ይቆማል፤ እሷ ናት እላለሁ፤ ሌላው ይቆማል፤ እሱም እሷን ይመስላል።

መሬት ላይ ሆኖ በሬዲዮ የሚመራኝን ልጅ "ጉሮሮ" ነው የምንለው፤ ሬዲዮው ባይኖርም ይሰማል።

"አንተ፣ ምን ሆነህ ነው? የፌሮ ብረቱን እንደ ታጠበ ሸሚዝ አንጠልጥለህ ቀረህ እኮ" አለኝ።

"ሚስቴን እየፈለግኩ ነው።"

"እሷን ልታነሳት ነው? በል መጀመሪያ ይህን አውርድልኝ፤ አሥር ሰው አንጋጦ አንገቱ ቀረ።"

አወረድኩ። ሁለት ሰዓት ሆነ፤ አለፈ። ለምሳ ወርጄ ደወልኩ፤ አታነሳም። ወደ ሥራ ስንመለስ ጉሮሮ ምንም አልቀለደም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። አመሻሹ ላይ ደረጃውን በሩጫ ወጥቼ በሩን ስከፍት ቤቱ ባዶ ነው። ሻንጣዋ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ እንዳለ ነው። ወደ መስኮቱ ሄጄ ቆምኩ። በመስኮት ሰው መጠበቅ ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ ገባኝ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ መጣች። ቀሚሷ ላይ ሰማያዊ የክር ቁርጥራጭ ተበትኗል።

"ደረስሽ?"

"ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን በሩ ጋ ነበርኩ። ሌላ ማንም አልነበረም፤ እስኪከፍቱ ድረስ ግቢውን ሁለቴ ዞርኩት።"

"ታዲያ ስልክሽን ለምን አታነሺም? ቀኑን ሙሉ ምን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ?"

"እነሱም ስልክ ይሰበስባሉ። እህቴን አሁን ነው ከመንገድ የደወልኩላት። የስፌት መኪናዬን ለሌላ ስጪው አልኳት። አለቀሰች፤ ከዚያ ለሚቀበልሽ ሰው ዘይት መቀባቱን እንዳይረሳ ንገሪው አልኳት።" ቦርሳዋን አላስቀመጠችም። "ጫማህን አታውልቅ። ስመለስ ሆን ብዬ በሌላ በኩል መጣሁ፤ አንድ ነገር አየሁ። ሳይመሽ ና።"

ያን ጥቁር መስመር አቋረጥነው። ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም፤ በቦይው ላይ ሦስት ጣውላ ተጋድሟል። ማዶ ወጥተን ሁለት ጊዜ ታጠፍንና ከአንድ ሮዝ ግድግዳ ሥር አቆመችኝ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ በር አለ። መስኮት አይደለም፤ እጀታ ያለው፣ ከጎኑ የደወል ቁልፍ ያለው የመግቢያ በር ነው። ከሥሩ ግን ደረጃም በረንዳም የለም፤ አየር ብቻ ነው።

"ደወሉን ማን ነው የሚደውለው?" አለች። "ከአንተ በቀር የሚደርስበት ሰው አልታየኝም።"

ከላይ ይህን ቤት አውቀዋለሁ፤ ጣራውን በሚገባ አውቀዋለሁ። ይህን ግን በሕይወቴ አስቤው አላውቅም።

በሩ ተከፈተ። አንዲት ወፍራም ሴት የጠረጴዛ ልብስ ወደ አየሩ አራገፈችና አየችን። "ምን ፈለጋችሁ?"

እኔ አንገቴን ደፋሁ። ባለቤቴ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ "እትዬ፣ ደረጃው የት ሄዶ ነው?" አለቻት።

"ይሠራል ብለውን ነው" አለች ሴትዮዋ፣ "አሥራ አንደኛ ዓመቱን ያዘ። አንድ ቀን ደግሞ ደወሉ ጮኸ።"

"ማን ነበር?"

ሴትዮዋ የጠረጴዛውን ልብስ አጠፈች፤ ወደ ግራ አመለከተች። "እሱ በአንድ ቃል አያልቅም። በጓሮ በኩል ዙሩ።"

ባለቤቴ ቀደመችኝ።