የከዲሮ መልቀቂያ

የከዲሮን ወንድም የገደለው መውቂያ ከእኛው ወርክሾፕ የወጣ ነበር። ሟቹ ሀሰኖ ይባላል፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በ1976 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ኦጎልቾ አጠገብ ስንዴ ሲወቃ፣ ከትራክተሩ ወደ መውቂያው ኃይል የሚያሻግረው ዘንግ፣ እኛ ካርዳን የምንለው፣ እየተሽከረከረ የጋቢውን ጫፍ ያዘው። ትራክተሩ ላይ የተቀመጠው ታላቅ ወንድሙ ከዲሮ ነው። ጀርባውን ሰጥቶ ስለነበር፣ ጩኸቱን ከሞተሩ ድምፅ ለይቶ እስኪሰማና ካርዳኑን እስኪያቆም ድረስ ነገሩ አልቆ ነበር።

እኔ መሰረት እባላለሁ። ያን ጊዜ ከደብረ ብርሃን አሰላ ተመድቤ፣ በእርሻ መሣሪያዎች ወርክሾፕ ውስጥ የንድፍ ሠራተኛ ከሆንኩ ሰባት ወሬ ነበር። ከዲሮ ቶርኖ ላይ ይሠራል፤ ብረት በመቅረጽ አሰላ ውስጥ የሚደርስበት አልነበረም። ከለቅሶው ሲመለስ ከማንም ጋር ሳይነጋገር ማሽኑን አስነሥቶ ሥራውን ቀጠለ። ሁለት ወር ያህል እንዲሁ ከረመ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ።

«ልጄ፣ ይቺን ሳይልኝ።»

«ምንድን ናት ጋሽ ከዲሮ?»

«የምትለቅ ናት። ካርዳኑ ሰው ሲይዝ ትለቃለች።»

ጨርቁን ፈታሁት። ፊት ለፊት የተገጠሙ ሁለት ክብ ብረቶች ናቸው። በመካከላቸው ከአሮጌ ኩሽኔታ የወጡ ስምንት የብረት ኳሶች በየጎድጓዳቸው ተቀምጠዋል፤ ከኋላ ደግሞ ወፍራም ሞላ ይጫናቸዋል። ጭነቱ ከልክ ሲያልፍ ኳሶቹ ከጎድጓዳቸው ዘለው ይወጣሉ። ያኔ የትራክተሩ ወገን ብቻውን ይዞራል፣ የመውቂያው ወገን ይቆማል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ግን እንዲያ ጥርት ብሎ የተሠራ ነገር አይቼ አላውቅም። ብረቱ ከመጋዘናችን እንዳልሆነ ስላወቅሁ ከየት እንዳመጣው ጠየቅሁት።

«ከካርዳኑ ራስ ነው የቀረጽኩት» አለኝ። «ሀሰኖን ከያዘው።»

እርሳሴን አስቀመጥኩ። እሱ ግን «ጥሩ ብረት ነው» ብሎ ወደ ቶርኖው ተመለሰ።

ወርክሾፑ «የከዲሮ መልቀቂያ» ብሎ ጠራት። በ1977 መኸር፣ ጮሌ ያለ አንድ የገበሬዎች ማኅበር በሚገለገልበት መውቂያ ላይ ተገጠመች። ጮሌ የሀሰኖ ሚስት የብርቄ አገር ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ወደ ወላጆቿ ተመልሳ በማኅበሩ ትሠራ ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን እኔም ማስታወሻዬን ይዤ አውድማው ላይ ነበርኩ። ሁለት ሰዓት ያህል እንከን የሌለው ሥራ ተሠራ። ከዚያ በድንገት መልቀቂያዋ «ጧ!» አለችና ካርዳኑ ቆመ። ትራክተሩ ላይ የነበረው ከዲሮ መውቂያው ውስጥ ድንጋይ ወይም እርጥብ ነዶ የተቀረቀረ መስሎት ሊያይ ወረደ። ምንም የለም። የማኅበሩ ሊቀ መንበር «ይሄ ነው ፈጠራችሁ?» ብሎ ሲስቅ፣ ነዶ ተሸክማ በካርዳኑ አጠገብ የምታልፈው ብርቄ እግሯ ተደናቀፈ። ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ የቆመው ብረት ላይ ወደቀ።

ብርቄ ጎንበስ ብላ ነጠላዋን አነሣች። ስታነሣ እጇ ካርዳኑን ነካውና ዓይኗን ወደ እኔ አዞረች።

«ይቀዘቅዛል» አለች።

እኔም ነካሁት። ሁለት ሰዓት ሙሉ በፀሐይ ሲሽከረከር የቆየ ብረት እንደ ምንጭ ውኃ ቀዝቅዟል።

በሳምንቱ የአንድ ሽማግሌ እጅጌ ሆነ። ከዚያ የአንዲት ነፍሰ ጡር ቀሚስ። ሁልጊዜ መጀመሪያ መልቀቂያዋ ትለቃለች፤ ጨርቁ የሚደርሰው ሁለት ወይም ሦስት ትንፋሽ ዘግይቶ ነው። ገበሬዎቹ «ጧ!» ባለች ቁጥር ሁሉን ጥለው ወደ ኋላ መሸሽ ለመዱ። «ሀሰኖ ያዘው» ይሉ ጀመር። ከዲሮ ይህን ሲሰማ ፊቱ ይለዋወጥ ነበር።

«ሞላው ላልቶ ነው» ይላል። «ብረት ነው፤ ሌላ ነገር አታውሩ።»

የወርክሾፑ ኃላፊ ይርሳው ግን ወሬውን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። እሱን ያስደሰተው በዚያ መኸር አንድም ሰው አለመጎዳቱ ነው። ፈጠራው በከዲሮ ስም እንዲመዘገብ ወደ አዲስ አበባ እንጻፍ አለ። ማመልከቻውን የሞላሁት እኔ ነኝ። የፈጣሪ ስም የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ከዲሮ «ሀሰኖ በዪ» አለኝ።

«የሞተ ሰው አያመለክትም፣ ከዲሮ» አለው ይርሳው ቀስ ብሎ።

ከዲሮ «እንግዲያው የኔን ጻፊ» አለ።

መልሱ ዓመት ፈጀ። በ1978 ታኅሣሥ፣ መልቀቂያዋን የሚፈትሽ ደመቀ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ተላከልን። ከመኪና ሲወርድ በሁለት እጁ ያቀፈው ሻንጣ ነበር። ክዳኑ ሲከፈት መተየቢያና ትንሽ አረንጓዴ መስኮት ወጣ። ኮምፒውተር በየመሥሪያ ቤቱ ባልነበረበት ጊዜ፣ ሰው ተሸክሞ የሚዞረውን ስናይ ሥራ ፈትተን ከበብነው። ደመቀ የሳንቲም ያህል ሁለት መለኪያዎች ካርዳን ላይ ለጠፈ። አንዷ ዙር ትቆጥራለች፤ ሌላዋ ብረቱ የሚጠመዘዝበትን ኃይል ትለካለች። ሁለቱም በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ እንደ መስመር ይሳላሉ።

በንድፌ መሠረት ከአዲስ ብረት ስድስት መልቀቂያዎች ሠርተን ነበር። ወርክሾፑ ውስጥ በአሸዋ ከረጢት ተፈተኑ። ስድስቱም ጭነቱ ልክ ሲያልፍ ለቀቁ። የመጀመሪያዋም እንደነሱ ለቀቀች።

«በጣም ጥሩ ነው» አለ ደመቀ። «ሥዕሉን አይቶ ማንም ባለሙያ ሠርቶ ሊጠቀምበት ይችላል። ፈጠራ የምንለው ይህን ነው። አሁን የመጀመሪያዋን በሥራ ላይ ልያትና እንጨርሳለን።»

በማግስቱ ጮሌ ወረድን። ደመቀ ሻንጣውን ከላንድሮቨሩ ባትሪ ጋር አገናኝቶ ሣር ላይ ተቀመጠ፤ እኔ ከአጠገቡ ሆንኩ። ከዲሮ ትራክተሩ ላይ ወጣ። አውድማው ላይ ሠላሳ ያህል ሰው ነበር፤ ብርቄም አለች። ፀሐዩ ሞቅ ብሎ ነፋስ አልነበረም።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ «ጧ!» አለች።

ያን ቀን ግን እንደ አምናው የሸሸ የለም፤ ሁሉም ባለበት ደረቀ። ነዶ የያዘ እንደያዘ፣ መንሽ ያነሣ እንዳነሣ። ሰዎቹ አንገታቸውን እንኳ ሳያዞሩ በዓይናቸው ብቻ አንዱ የሌላውን ልብስ ያያል። የማን ነው? ማንም ስላልተንቀሳቀሰ ምንም አልወደቀም። የትራክተሩ ሞተር ብቻ ያጉረመርማል። እኔም ሻርፔን በሁለት እጄ ጨብጬ እንደያዝኩ የገባኝ ጣቶቼ ሲያሙኝ ነው። የማን እንደነበር እስካሁን አላወቅንም።

«መሰረት» አለኝ ደመቀ በሹክሹክታ። «ይሄን ተመልከቺ።»

የዙሩ መስመር ወለል ላይ ተኝቷል፤ ካርዳኑ ቆሟል። ሁለተኛው መስመር ግን ይወጣል። በዝግታ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ ድንገት ወረደ፣ ወዲያው ተመልሶ ከበፊቱ ይልቅ ከፍ አለ፤ እዚያው ቆየ። ካርዳኑን አየሁት፤ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ማንም አልነካውም። መስመሩ ግን አንድ ነገር እየተጠመጠመበት እንደሆነ ይናገራል። በመጨረሻ ዜሮ ላይ ወደቀ።

«አርባ አንድ ሰከንድ» አለ ደመቀ። «ሽቦው ይሆናል የተበላሸው።»

ሽቦውን ቀየረ፤ መለኪያዎቹን ነቅሎ በሌሎች ተካ። ከዲሮ እንደገና አስነሣ። ጥቂት ዞሮ «ጧ!» አለች። መስመሩ ያንኑ ወጣ፣ ያንኑ ወረደ፣ ያንኑ ተመልሶ ወጣ። አርባ አንድ። የደመቀ ግንባር በላብ ተነከረ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሆን ከዲሮ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ እኛ መጣና ከደመቀ በስተኋላ ቆመ።

«ይቺ መስመር ምንድን ናት?»

«ካርዳኑን የሚይዘው ኃይል ናት፣ ጋሼ። ግን ስሕተት ነው፣ እባክዎ አይጨነቁ፤ መሣሪያው…»

«እዚህ ጋ ለምን ወረደች?» ከዲሮ በወፍራም ጣቱ መስተዋቱን ነካ።

«እሱን አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ» አለ ከዲሮ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ካርዳኑን የሚያቆመውን ፍሪሲዮን የረገጥኩት ጊዜ ነው። ያን ቀን። ረገጥኩት፣ ቆም አለ፤ እግሬ ጭቃ ነበረው፣ አዳለጠኝና ለቀቅሁት። እንደገና ያዘው። ይህን ለሰው ነግሬ አላውቅም። ለእናቴም አልነገርኩ።»

ደመቀ ከሣሩ ላይ ተነሥቶ ቆመ። ከዲሮ ቁጢጥ ብሎ መስኮቱን እንደ ፎቶግራፍ ያየው ጀመር።

«ያ ረቢ» አለ። «እኔ የምታድን መስሎኝ ነበር። ሌላ ሰው ካርዳኑ ውስጥ እንዳይገባ ሀሰኖ እየገባ ነው። በየጊዜው እሱ ነው የሚገባው።»

ብርቄ ከሰዎቹ ተለይታ መጣች። የከዲሮን ፊት አይታ ለእኔ «ምን ሆነ?» አለችኝ። ከዲሮ ራሱ በኦሮምኛ ነገራት፤ ስለ እግሩም ጭምር። ረጅም ጊዜ አልፈጀም። እሷ ሳታቋርጥ ሰማችው። ከዚያ ደመቀና እኔም እንድንሰማ ይመስለኛል፣ በአማርኛ ጠየቀችው።

«አምና የኔ ነጠላ የወደቀ ጊዜም?»

«አዎ።»

«ስንት ጊዜ ለቀቀች እስከ ዛሬ?»

«ዐሥራ አራት።»

ብርቄ ቁጥሩን ለራሷ ደገመችው። ሊቀ መንበሩ መጥቶ በንግግሩ መካከል ገባ። ነገሩን ሲሰማ ፈርቷል፤ ግን ሞኝ ሰው አልነበረም። «ገና የግማሽ ወር ውቂያ አለብን» አለ። «ሟቹን አላህ ይማረው። እዚህ ግን የቆሙት በሕይወት ያሉ ናቸው። ከፈታችኋት አንዱ ቢያዝ ማን ይጠየቃል?»

ከዲሮ እጁን ጭኑ ላይ ጥሎ ወደ ብርቄ አየ። በዚያ አስተያየቱ ውስጥ ይለምናት እንደሆነ ወይም ይፈራት እንደሆነ አላውቅም።

«ጋሼ፣ ይፍቱት» አለች ብርቄ። «እኛ ነጠላችንን ወገባችን ላይ እንታጠቃለን፤ ጋቢ የለበሰ እዚህ አይደርስም። ሰው አንድ ጊዜ ነው የሚሞተው። ዐሥራ አራት ጊዜ አይሞትም።»

ከዲሮ ቁልፉን አምጥቶ ካርዳኑ ሥር ተንበረከከ። ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ። የመጨረሻው ሲላላ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ፣ ካርዳኑ በራሱ ወደ ኋላ ዞረ። በቀስታ፣ ግማሽ ዙር ያህል፣ የተጠመጠመ ነገር እንደሚፈታበት። ብርቄ አፏን በእጇ ያዘች። ከዲሮ ግን እጁን ካርዳኑ ላይ አድርጎ መዞሩን እስኪጨርስ ጠበቀው።

«ሞቀ» አለ።

አዲስ ከሠራናቸው አንዷን ገጥመን ውቂያው ቀጠለ። የቀድሞዋን ከዲሮ ኦጎልቾ ወስዶ ከሀሰኖ መቃብር አጠገብ ቀበራት። አብሬው ልሂድ ብለው «ተዪኝ» አለኝ። ደመቀ አሰላ ስንመለስ ሪፖርቱን በእኔ ጠረጴዛ ላይ ጻፈ። ስድስቱ መልቀቂያዎች በትክክል እንደሚሠሩ፣ ፈጠራው ለምዝገባ ብቁ እንደሆነ አሠፈረ። ስለ ጮሌ የጻፈው «የመስክ ሙከራው በመለኪያ ችግር ተቋርጧል» የሚል አንድ መስመር ነው። ሲሰናበተኝ ሻንጣውን እንደ መጀመሪያው ቀን አላቀፈውም፤ ከሰውነቱ አርቆ በእጀታው ያዘው።

የምዝገባው ወረቀት በ1979 መጣ። ወርክሾፑ አርባ ሦስት መልቀቂያዎች ሠርቶ በአርሲ አውራጃዎች በተነ። ሁሉም ተራ ነበሩ፤ ጭነቱ ሲመጣ እንጂ ሳይመጣ የሚለቁ አልነበሩም። ሰው ከተያዘ በኋላ ነው የሚለቁት።

በ1980 ጥር ላይ ዲሪባ የሚባል ገበሬ ከጎበሳ ወደ ወርክሾፑ መጣ። ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች የለም። ቶርኖው ዘንድ ወሰድኩት። ካርዳኑ እጅጌውን እንደያዘው፣ መልቀቂያዋ ወዲያው ባትለቅ ኖሮ አንድም ነገር ከእሱ እንደማይተርፍ ሐኪሙ እንደነገረው አጫወተን። የሠራትን ሰው ሊያመሰግን ነው ያን ሁሉ መንገድ የመጣው።

«ልጆቼን ያሳደግክልኝ አንተ ነህ» አለውና ግራ እጁን ዘረጋለት።

ከዲሮ ማሽኑን አጠፋ። እጁን በጨርቅ ጠርጎ የሰውየውን ግራ እጅ በሁለት እጁ ያዘ። ረጅም ጊዜ ያዘው እንጂ ቀና ብሎ ፊቱን አላየውም፤ ዓይኑ ባዶው ቀኝ እጅጌ ላይ ነበር።