ለሄኒ የሚነበበው ዳዊት

የእህቴ የሄኒ ተዝካር የወጣው እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ባለው ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነበር። ልጇ ቤዛዊት ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ከማድ ቤት አያልፍም። ለእናቷ ከዳዊት አንድ መዝሙር በእንግሊዝኛ ልታነብ ስልኳን ይዛ ተነሣች። አባቴ ከፊት ወንበር እጃቸውን አነሡ።

«ዳዊት የሚደገመው በግእዝ ነው። ቁጭ በይ፣ ልጄ።»

ደሜ ፈላ። ኮሌጅ የጥንት ታሪክ አስተምራለሁ፤ እንዲህ ያለውን ሰምቼ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

«አባዬ፣ የግብፅ እስክንድርያ አይሁድ ልጆቻቸው ዕብራይስጥ አልገባ ሲላቸው ኦሪቱንም ዳዊቱንም በግሪክኛ ተረጎሙላቸው። የእርስዎም የግእዝ ዳዊት የተተረጎመው ከዚያው ከግሪኩ ነው! በትርጉም እየጸለዩ ትርጉም ይከለክሏታል?»

«እሺ ሊቁ! እነዚያ ግሪክኛ ተናጋሪዎች ዛሬ የት አሉ?»

«ባመፁ ጊዜ ሮማውያን ናቸው የፈጇቸው! ግሪክኛ አልገደላቸውም!»

«የተረፉትስ? ማን እንደሆኑ ረሱ።»

«ይህን በምን ያውቃሉ?» ብዬ ጮህኩ።

ዕድርተኛው ሁሉ ዞሮ አየን። ቤዛዊት ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ተቀመጠች። ካህኑ ዳዊቱን በግእዝ ደገሙ፤ የእህቴን የክርስትና ስም እየጠሩም ጸለዩላት።

ሲያበቃ ቤዛዊት ወደ እኛ መጣች። «ስለ እማዬ ምን አሉ?» ስትል በእንግሊዝኛ ጠየቀች።

የአባቴ እንግሊዝኛ ለዚህ አይበቃም። «ንገራት እንጂ» አሉኝ።

«እርስዎ ይንገሯት፤ በግእዝዎ!»

ሁለታችንም ፊታችንን አዞርን። ልጅቱ መሃላችን ቆማ ትጠብቅ ነበር።