ከጋዜጣው ሥር ያለው አራዳ

ገነነ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲሥል ያደገ ሰው ነው። የዘይት ቀለም የተማረው ግን ብቻውን ነው፤ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት የተነሳውን የአራዳ ገበያ ፎቶግራፍ እያየ፣ ስምንት ወር ሙሉ በአንዲት ሸራ ላይ፣ የታችኛው ቀለም ሳይደርቅ ሌላ ሲደርብባት ከረመ። ፎቶግራፉ ውስጥ ያልነበረችውን ሟች እናቱንም ከገበያው ዛፍ ሥር ጎመን ስትሸጥ አስቀመጣት። መልኳ የቀረው እዚያ ብቻ ነው።

የፒያሳዋ ባለ ሆቴል እትዬ ዘነቡ «ካማረኝ አዳራሹን በሙሉ ትሥልልኛለህ» ብለውታል። ስለዚህ በጨረሰ ማግስት በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በገመድ ጠፍሮ ወሰደላቸው። የለመደው ቀለም ካደረ ይደርቃል፤ ዘይት ሳምንታት እንደሚፈልግ የነገረው ሰው የለም።

ገመዱን ሲፈታ ጋዜጣው ከሥዕሉ ጋር ተጣብቋል። ጫፉን ይዞ መላጥ ሲጀምር እትዬ ዘነቡ እጁን ቀጨም አደረጉት።

«ምን ልታደርግ ነው? በቤቴ የጃንሆይን ፊት ልትቀድ?»

በፊተኛው ገጽ ላይ ጃንሆይ ድልድይ ይመርቃሉ። ባንኮኒውን የተደገፉት ጠጪዎች ብርጭቋቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«እትዬ፣ ከሥሩ እኮ አራዳ አለ። እናቴም አለች።»

«ትኑራ! ማን አስነሳት?»

እንዳለ በመስተዋት አስገብተው ሰቀሉት። የአዳራሹ ነገር ዳግም አልተነሳም። ገነነ ግን በየሳምንቱ ይመጣል፤ ከጋዜጣው ጥግ ብቅ ያለችውን አንዲት የጎመን ቅጠል አይቶ ይሄዳል።

አንድ ቀን እዚያው ቆሞ ሳለ አንድ እንግዳ «ማን ሠራው?» ሲል ጠየቀ።

«ማተሚያ ቤቱ» አሉ እትዬ ዘነቡ።