በደረጃ መሀል አይቀመጥም

የሕንፃችን ደረጃ ጠባብ ነው። የእኔ በር ፊት ሲደርስ ደግሞ ይብስበታል። ሰፊ ዕቃ ይዞ የሚወርድ ሰው መዞር የሚችለው በሬን ከፍቼለት፣ የዕቃውን ጫፍ ሳሎኔ ድረስ አስገብቶ ሲያዞር ብቻ ነው። ከላዬ የምትኖረው ጎረቤቴ ደግሞ ኬክ ሠሪ ናት። እንግዲህ አስቡት፤ የስንቱ ሙሽራና የስንቱ ልደተኛ ኬክ ቤቴ ገብቶ ወጥቷል፣ አንዱም አረፍ ብሎ አልተጫወተም።

"ቤትሽን ያልባረከ ኬክ የለም እኮ" ትለኛለች።

"ቤቱስ ተባርኳል፤ ሆዴ ነው ወሬውን ያልሰማው" እላታለሁ። ስቃ ስታበቃ የተከረከመውን ቁርጥራጭ በላስቲክ ቋጥራ ትልክልኛለች።

ኬኩን የሚያወርደው ባሏ ነበር። ድሮ ግንበኛ ስለነበረ ሰዉ ስሙን ትቶ ውሃልኩ ይለዋል። ባለ ሦስት ደርቡን ኬክ ጣውላ ላይ ያሳርፍና ያችን ሆዷ ውስጥ አረፋ የምትዋኝ የግንበኛ ውሃልክ ከጎኑ ያጋድማታል። ከዚያ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ፣ ወደ ኋላ እየረገጠ ይወርዳል። ሚስቱ ከላይ ሌላውን ጫፍ ይዛ ትጣራለች።

"ዝቅ!"

"ይዣለሁ!"

"ዙር!"

"ይዣለሁ!"

ይህን ስሰማ ምጣዴን ትቼ በሬን እከፍታለሁ።

ሙያውን ታስተምራለችም። ያን ጊዜ አራት ሴት ተማሪዎች ነበሯት። ክሬም በከረጢት ጨምቆ ጽጌረዳ ማውጣቱን፣ ቅቤው ሳይቀልጥ ጠርዙን መሳሉን ከእሷ ይማራሉ፤ መሸከሙን ግን የሚያስተምረው ባሏ ነው። "ኬክ ምድጃ ላይ አይሞትም፤ የሚሞተው ደረጃ ላይ ነው" ይላቸዋል። አንድ ሕግ ነበረው። በደረጃ መሀል አይቀመጥም። ክንድሽ ቢዝል፣ አፍንጫሽን ቢበላሽ፣ ስልክሽ ቢጮህ፣ አንዴ ካነሣሽው የምታስቀምጪው ታች ነው። ደረጃ ላይ ያረፈ ኬክ ደርቡ ይንሸራተታል፣ ከዚያ ወዲያ ማንም አያነሣውም።

ክረምቱ ሲገባ ውሃልኩ ወገቤን አለ። ቀጥሎ አልጋ ያዘ። ቤት ድረስ የመጣው ሐኪም የጀርባ አጥንቱ ውስጥ ውስጡን ተበልቶ እንደ ደረቅ ብስኩት መሆኑን ነገራቸው። ሆስፒታል ገብቶ በብረት መደገፍ አለበት። ግን ተጋድሞ ይምጣ፤ መታጠፍ የለም፣ ማዘንበል የለም። ከታጠፈ ከወገቡ በታች ያለውን ሁሉ ያጣዋል።

የአምቡላንሱ ሰዎች መጡ፤ ደረጃውን አይተው ተያዩ።

"ወንበር ላይ አስቀምጠን እናውርደው" አለ አንደኛው።

"ይታጠፋላ!" አለች ሚስቱ።

"በቃሬዛም ቢሆን እዚህ መዞሪያ ላይ ማዘንበሉ አይቀርም እናቴ። ታዲያ በመስኮት እንወርውረው?"

ከውስጥ የሳቀው ውሃልኩ ብቻ ነበር። "የማድቤቱን በር ንቀሉት" አለ ከአልጋው። "እኔን የሚያወርዱኝ የእኔ ልጆች ናቸው። እናንተ ታች ጠብቁ።"

ሰዎቹ በሌላ ቀን ሊመለሱ ተስማምተው ሄዱ። እሷ በሩን ነቀለች። ከዚያ፣ ያበደች መስሎኝ ነበር፣ ኬክ ጋገረች። ማንም ያላዘዘው፣ የማንም በዓል ያልሆነ፣ ባለ ሦስት ደርብ ኬክ።

"ይሄ ሳይሰነጠቅ ታች ከደረሰ እሱም ይደርሳል" አለችኝ። እጇ በዱቄት ነጭ ነበር፤ ፊቷም ከእጇ አይሻልም።

ልጆቹ ኬኩን በበሩ ላይ አድርገው ወረዱ። ከፊት ያሉት ሁለቱ በትከሻቸው፣ ከኋላ ያሉት ሁለቱ እስከ ጉልበታቸው ዝቅ ብለው። እሷ ከፊታቸው ወደ ኋላ እየረገጠች ትጣራለች። የእኔ በር ላይ ሲዞሩ ቀጭኗ ልጅ ክርኗ ከመቃኑ ጋር ተጋጨ። ኬኩ ሄደ ሄደና ምንጣፌ ላይ ተዘረገፈ።

"ምን ሆነ?" የሚል ድምፅ ከላይ መጣ። "የቱ ጋ ነው?"

ልጆቹ ባዶውን በር እንደያዙ ምንጣፉን ያያሉ።

"ልጆች፣ የቱ ጋ ነው የሄደው?"

"ወገቡ ላይ ጋሼ" አለች ቀጭኗ፣ ሳታስበው። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

ከላይ ቆይቶ "እንግዲህ ጎረቤቴ ዛሬ ጠገበች" ሲል ተሰማ። ዕድሜዬን ስመኘው የኖርኩት ኬክ እግሬ ሥር ነበር፤ አንዲት ጣት አልቀመስኩም። በአካፋ አፈስኩት።

ደግማ ጋገረች። እኔም የበሬን መዝጊያ ከነማጠፊያው አስነቀልኩ፤ ያችን ታህል ቦታ ትጨምራለች ብዬ። ወረዱ። ደገሙ፣ ወረዱ። በመጨረሻ ኬኩ የተሳለበት ቀጭን የክሬም ክር እንኳ ሳይበጠስ መንገድ ዳር ደረሰ። ልጆቹ ተቃቅፈው ዘለሉ። እሷ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

ቀኑ ደረሰ። አምቡላንሱ ታች ቆመ። ውሃልኩን ከነአንሶላው አንሸራትተው በበሩ ላይ አጋደሙት፤ ደረቱንና እግሩን በሰፊ የጨርቅ ማሰሪያ አሰሩት። ሚስቱ ውሃልኳን እግሩ ሥር አስቀመጠች። እንደ ልምምዱ ከፊት ቆመች፤ ፊቱ ወደ እሷ ነበር።

"ክሬም መቀባት አማረሽ እንዴ፣ ምን ታዪኛለሽ?" አላት።

"ዝም በል፣ ኬክ አይናገርም" አለችው። "ዝቅ!"

"ይዣለሁ!" አለ ራሱ ውሃልኩ። ልጆቹ ሳቁ።

"አታስቃቸው!" ጮኸችበት። "ዝቅ!"

"ይዣለሁ።"

በየጥሪው ይመልስ ነበር። እኔ ጠረጴዛዬን ወደ ጥግ ገፍቼ ግድግዳዬ ላይ ተለጥፌ ጠበቅሁ። እግሩ በሬን አልፎ ገባ፤ ወገቡም ገባ። ፊቱ ላቡ ችፍ ብሎበት አመድ መስሏል። እኔን ሲያይ ፈገግ ሊል ሞከረ።

"ጎረቤት... ዛሬም ቁርጥራጭ የለም" አለኝ።

"አንተ ብቻ ተመለስ፣ ሙሉውን ነው የምበላው" አልኩት።

"ዙር!"

"ይዣለሁ" አለ፣ በሹክሹክታ። ልጆቹ ቀስ ብለው አዞሩት። ቀጭኗ ክርኗን ሰብስባ እንደ ክር አለፈች።

"ዝቅ!"

መልስ የለም።

አየሁት። ዓይኑ ኮርኒሴ ላይ እንደተተከለ ቀርቷል፤ አፉ ሊናገር እንዳለ ትንሽ ተከፍቷል። እሷም አየች። ከፊቱ ፊት ለፊት ናት፣ እንዴት አታይም? ልጮህ አፌን ስከፍት ዓይኗን ወደ እኔ አዞረች። እንደዚያ ያለ ዓይን ሰው ላይ አይቼ አላውቅም። አፌን ዘጋሁ።

"ዝቅ!" አለች፣ በዚያው ድምፅ።

ከፊት ያሉት ልጆች ጀርባቸው ለእሱ ነው፣ አያዩትም። ከኋላ ያሉት እግራቸውን እንጂ ሌላ አያዩም። ረጅሟ ልጅ ደክሞት ይሆናል ብላ ነው መሰለኝ፣ "ይዣለሁ" ብላ መለሰችለት። ከዚያ በኋላ ሁሉም እየተቀባበሉ መለሱለት። ድምፃቸው እየራቀ ወረደ። እኔ በሩ በተነቀለው መቃኔ ላይ ተደግፌ አዳመጥኩ፤ ከዚያ ተከተልኳቸው።

ታች ስደርስ የአምቡላንሱ አልጋ ላይ አስቀምጠውታል። ልጆቹ ገና አላዩትም፤ ዓይናቸው እግሩ ሥር ያለችው ውሃልክ ላይ ነበር። አረፋዋ መሀል ላይ ቆማለች።

"እትዬ፣ ዝንፍ አላለም! እዪው፣ ዝንፍ አላለም!" እያሉ ተቃቅፈው ዘለሉ።

እሷ አላቋረጠቻቸውም። መንገዱ ዳር ቆማ፣ ሽርጧን እየፈታች፣ ዘለው እስኪበቃቸው ጠበቀች።

"አየሁ ልጆቼ" አለች። "ጎበዞች። አሁን ወደዚህ ኑ።"