ጨው የሌለበት ሳህን

ጃኔት የተባለችው አውሎ ነፋስ ደሴታችንን ካሪያኩን ጠራርጋ ስትሄድ የአይዞላን ባል፣ መርከበኛውን ካኑትን፣ ከነጀልባው ወሰደችው። የሴት ስም ያወጡላት ወንዶች ናቸው፤ ያለቀሱት ግን ሴቶቻችን ናቸው።

በዓመቱ ለሙታኖቻችን ማዕድ አቀረብን። ሙት ጨው ስለማይበላ የእነሱ ምግብ ያለ ጨው ነው የሚሠራው። አይዞላ ግን የካኑትን ገንፎና ዶሮ ጨው አድርጋበት መጣች። አማቷ እማማ ሊዮታ ቀመሱና ደነገጡ።

«አንቺ ልጅ! ይሄ እኮ የሕያው ሰው ምግብ ነው!»

«ታዲያስ! ሬሳውን አይተዋል፣ እማማ?»

«ልጄ እዚያ ተርቦ ይቅር?»

«ያለ ጨው ካቀረብኩ ሞቷል ማለቴ ነው። ደግሞ ልጅዎን አያውቁትም? ጨው ያነሰ ቀን ሰፈር ነበር የሚያምሰው።»

«እኔው ነኝ ያሞላቀቅኩት» ብለው ሊስቁ ሲሉ እንባቸው ቀደማቸው።

አይዞላ ይህን ስታይ ሳህኑን ይዛ ጓዳ ገባች። ጨው የሌለበትን ሞልታ ተመለሰችና ከሙታኑ ሳህኖች መካከል አስቀመጠችው።

«ይኸው ካኑት» አለች ጮክ ብላ፣ «ቅንጣት ጨው የለበትም። ወንድ ከሆንክ መጥተህ ስደበኝ!»

እማማ ሊዮታ ሳይቀሩ ሁላችንም ወደ በሩ ዞርን።